የእህቴ ሶማሊኛ

እኔና ታናሽ እህቴ ሶማሊኛ የለመድነው ድሬዳዋ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስንጫወት ነው። አባታችን የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ወደ አቃቂ ጣቢያ ሲዛወር ቋንቋውን ይዘን መጣን። እናታችን ገበያ የሚያደርሳትን ያህል ብቻ ስለምታውቅ፣ ከእሷ ምስጢር ስንደብቅ እናወራበት ነበር።

የምሥራቁ ጦርነት ሲጀመር ጦሩ ሶማሊኛ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልግ አባታችን ሰምቶ ነገረን። ሁለታችንም ሄደን ተፈተንን። ፈታኙ ሻምበል ከጠላት ጦር የመገናኛ ሬዲዮ የተቀዳ ንግግር እያሰማ በአማርኛ እንድንነግረው ጠየቀን። እኔ እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ አሳምሬ ተናገርኩ። እሷ ግን ሰዎቹ እያወሩ እኩል ታወራ ነበር። መሃል ላይ ቆም ብላ፣ «ይሄኛው እየቀለደ ነው፤ ውሃ ግን የእውነት የላቸውም» አለችው።

እሷን ወሰዷት። እኔን «እንጠራሻለን» አሉኝ።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። ጠዋት እኔ በእግሬ ጭቃውን ስረግጥ፣ እሷን ላንድሮቨር እደጃችን መጥቶ ይወስዳታል። እናቴ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን ለእሷ ታወጣ ጀመር። «የእሷ ሥራ ጭንቅላት ያደክማል» ትለኛለች። እኔ ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ሲያደነቁረኝ ውሎ፣ ጭንቅላቴን የጠየቀኝ አልነበረም። አንድ ቀን በሌለችበት ዩኒፎርሟን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ትከሻው ላይ ጠበበኝ። ከዚያ በኋላ በሶማሊኛ ስታናግረኝ በአማርኛ እመልስላት ነበር።

ዓመት ሳይሞላት ምግብ አስጠላት። ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ ያ የሚቀልደው ሰው ነበር። በየቀኑ እሰማው ነበር። አሁን የለም» አለችኝ። ሥራውን ልትተው ወስና ነበር።

ጦሩ ግን ሊለቃት አልፈለገም። ሻምበሉ ራሱ እሁድ ቤታችን መጣ። ማዕረግ ይጨመርላታል፣ ቤት ይሰጣታል፣ ውጭ አገርም ትማራለች አለ። እናቴ እየደጋገመች መረቀችው።

እህቴ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ሻምበል፣ ማዕረጉ ጆሮዬን ይደፍነዋል?» አለችው።

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ታላቋ ነሽ፣ ምከሪያት እንጂ» አለኝ።

«እኔ እገባለሁ» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣» አለች እናቴ፣ «ማን ጠየቀሽ?»

«እንጠራሻለን ብለውኝ ነበር፤ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው» አልኩ። ሻምበሉ አልሳቀም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ጠፍቶበት ነበር።

እህቴ እኔን እያለማመደች ጥቂት ወራት አብረን ሠራን። ከዚያ ለቀቋት፤ ጨርቃ ጨርቁ ውስጥ በእኔ ቦታ ተቀጠረች። የተመኘሁትን ሁሉ አገኘሁ፤ ዩኒፎርሙም በልኬ ተሰፋልኝ። ሻምበሉ ግን የጻፍኩትን ባነበበ ቁጥር፣ «ጥሩ ነው። እህትሽ ብትሆን የሰውየውን ሁኔታም ትነግረን ነበር» ይለኛል። ለአንድ ትርጉም እንኳ ከእሷ ጥላ አልወጣሁም። ስለዚህ ሁኔታቸውን መስማት ጀመርኩ። የሚያስለውን፣ የሚፈራውን፣ ስለ እናቱ የሚያወራውን ለየሁ። ያኔ ሻምበሉ አመሰገነኝ፤ እኔም ምግብ አስጠላኝ።

እሷ እዚያው ፋብሪካ ከሚሠራ መካኒክ ጋር ተጋባች፣ ወፈረች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ሆነች። እኔ ልልቀቅ ባልኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምሩልኛል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ወጣት መኮንኖችን ቋንቋ አስተምሪ ብለው አስቀሩኝ።

ቅርብ ጊዜ ሳሪስ ገበያ አብረን ሄደን፣ ሁለት ነጋዴዎች በሶማሊኛ ሲከራከሩ ሰማን።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«አትሰሚም?»

«ረስቼዋለሁ እኮ። አንድ ቃል አልቀረኝም» አለችና ቲማቲሙን መምረጥ ቀጠለች።

ጎኗ ቆሜ ፊቷን አየሁ። አልዋሸችም። ዩኒፎርሙን ለብሳ ስትወጣ እንኳ እንደዚያ አልቀናሁባትም።