ቆርኪ የደፋችው ማብሪያ

«አንተ ጋ ሰው አለ?» አሉኝ።

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዣለሁ፤ በቀኝ እጄ ካቻቪቴ፣ ጭኔ ላይ ከመሪው ሥር የፈታሁት ክዳን። ድሬዳዋ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የመኪናውን በር ከፍቼ ተቀምጫለሁ። የደወልኩት አሶሳ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎረቤታችን፣ ኋላም የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ለነበሩት ለጋሼ። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ስለሆነ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ አምጥተውኝ አጥር ከተጋራናቸው ጊዜ ጀምሮ፣ ሴት ብሆንም «አንተ» ነኝ።

መጀመሪያ «ኩርሙክ ሄዷል» ነበር ያሉኝ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ከተማ። መቼ ይመለሳሉ ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ነው ሰው አለ ወይ ያሉት። በአገራችን ይህን የሚጠይቅ ሰው ምን ይዞ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

«እግዚአብሔር አለ፣ እትዬ» አልኩ።

«እሱማ አለ። ሰው ነው ያልኩህ።»

«ሰው እንኳ የለም። ባለቤቴ ሥራ ነው።»

«በቃ፣ ኩርሙክ ነው። ሰው ሲኖር ደውል» ብለው ዘጉት።

አወቅሁ፤ ግን አልተነገረኝም። ያልተነገረ ሞት ደግሞ አይለቀስበትም። ከመሪው ሥር የተንጠለጠሉትን ሁለት ሽቦዎች እያየሁ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም የበረታብኝ ኩርሙክ ማለታቸው ነው። ለአፍታ፣ እውነት ለመናገር፣ ማብሪያ ሊያመጡልኝ የሄዱ መሰለኝ። አንዴ ሄደው ነበርና።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ወንበር ተጭኖ እስኪመጣ ካርቶን ላይ ተቀምጠን የምንሠራበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ ይህችን መኪና ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ገዛት። የኋላ በሯ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ያለች ትንሽ ማብሪያ ስትጫን «ቀጭ» ይልና ይለቃል። በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ የተሳልኩትን ጥላ ከኋላ ጭኜ ቤት ስደርስ ብጫናት ዝም። ደግሜ ብጫናት ዝም። ዝናቡ ይወርዳል፣ የመልአኩ ጥላ ተቆልፎበታል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ጋሼ በቀርከሃው አጥር በኩል ብቅ አሉ።

«ሚካኤልህ ዝናብ አይፈራም፤ አንተ ነህ የምትፈራ። ና፣ ይቺን ያዝ።»

ማብሪያዋን በካቻቪቴ ፈልቅቀው አወጡና የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ አነካኩ። ቀጭ! በሩ ተከፈተ።

«ሽቦ ደህና ነው። ማብሪያ ነው የሞተው» አሉ።

ጥላው ለንግሡ ደረሰ። ማብሪያ ግን በአሶሳ ሱቆች አልነበረም። በሩን በገመድ አስሬ ስዞር ሰነበትኩ። ጋሼ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ኩርሙክ ተልከው ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ከሱዳን ከሚገባው ዕቃ መሃል የገዟትን የቤት በር ደወል መጫኛ በኪሳቸው ይዘው መጡ።

«ይኸው። መኪናህ እንግዳ ሲመጣ ይደውላል» አሉና ሳቁ።

ሥራውን ከእሳቸው ጎን ቆሜ አየሁት። «መጀመሪያ ባትሪውን ፍታ። ቢስሚላህ በል፤ ወይ የአንተን በል።» በስመ አብ አልኩ። ሽቦዎቹን ጠምዝዘው አገናኙ፣ በፕላስተር ጠቀለሉ፣ መጫኛዋን በቀድሞዋ ቦታ ሰኩ። ከክዳኑ ወጣ ብላ ቀረች፤ እኔም ስጋቴን ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ጉልበቴ ቢነካትና መንገድ ላይ በሩ ቢከፈትስ?»

«አንተ በር ከዘጋህ በኋላ ሦስቴ ትገፋዋለህ። በሩ እንኳ ታዝቦሃል።»

ይህን ብለው ሄዱ። ተቀየሙኝ ብዬ ስፈራ የለስላሳ ቆርኪና የካላማዳሪያ ቁራጭ ይዘው ተመለሱ። ጎማዋን ማጠፊያ አድርገው ቆርኪዋን ከመጫኛዋ በላይ ሰቀሉልኝ። በሩን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ቆርኪዋን በጣቱ ማንሳት አለበት፤ ጉልበት አይችልም። በዚያች ቆርኪ እየተማመንኩ ስንት ቁልቁለት ወርጃለሁ።

ወደዚህ ስንዛወር የኋላውን በማንጎ ሞሉት። በሩን እሳቸው ዘጉት፤ እኔን ቀድመው ሦስቴ ገፉትና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«በሩ እምቢ ሲል ደውል። ካላለ አትደውል፣ ሥራ አለኝ።»

በሩ ለዓመታት እምቢ አላለም። እኔ ግን ደወልኩ፤ ለጾም ፍቺ ደወልኩ፣ ለዒዳቸው ደወልኩ፣ ማንጎ ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር ደወልኩ። «እምቢ አለ?» ይሉኛል ገና «ሄሎ» ሳልል። «አላለም፣ ጋሼ።» «ታዲያ?» ይላሉ፤ ከዚያ ረጅም ሰዓት እናወራለን። አሁን እውነት እምቢ ሲል፣ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

ተነሥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እጇ ሊጥ ነው።

«ነይማ፣ መርዶ አብረሽኝ ስሚ።»

«ምነው! የማን መርዶ?»

«ገና አልነገሩኝም።»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ገብታ ተቀመጠች። ደወልኩ።

«ሰው አለ?»

ስልኩን ተቀበለችኝ። «አለሁ እኔ፣ እናቴ። ይንገሯት» ብላ መለሰችልኝ።

እትዬ ነገሩኝ። «ጋሼህ ሞተ። አላህ ይማረው። በሞተበት ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው።» ከሆነ ሰንብቷል። ምነው ቀድሞ አልነገራችሁኝም ብል፣ «ሩቅ ነህ። ብቻህን ሰምተህ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?» አሉኝ። ጎረቤቴ በሊጥ እጇ ክንዴን ይዛኛለች። ያኔ አለቀስኩ።

በማግስቱ ዳዊቴን ደግሜ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ባትሪውን ፈታሁ። በስመ አብ አልኩ፤ የእሳቸውንም ቃል ጨመርኩበት፣ የሚቀየመኝ የለም። ፕላስተሩን ስፈታ እሳቸው የጠመዘዙት ሽቦ አሁንም አንድ ላይ ነው። ሽቦው ደህና ነው። አዲሷ ማብሪያ ከሱቅ የተገዛች፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብላ የምትቀመጥ ናት፤ ጉልበት አይነካትም፣ ቆርኪ አያሻትም። ቆርኪዋን መልሼ ሰቀልኩላት። ባትሪውን አስሬ፣ ቆርኪዋን አንሥቼ ተጫንኩ። ቀጭ። የኋላው ባዶ ነው።

እንግዲህ በተቀበሩበት ቀን አሶሳ የነበራችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ማን አጠባቸው? ያወጧቸው በዋናው በር ነው ወይስ በቀርከሃው አጥር በኩል? ዝናብ ነበር? ከመሥሪያ ቤታችን ማን መጣ? በመጨረሻ ምን አሉ? ቀልደው ከሆነ ቀልዱንም ንገሩኝ። መቃብራቸው ከየትኛው ዛፍ ሥር ነው? ለእኔ ብላችሁ አታሳጥሩት፣ አትሸፍኑት፤ ኩርሙክ ሄዱ አትበሉኝ። ጎረቤቴ በሯን ክፍት ትታልኛለች። አጠገቤ ሰው አለ፤ ደውሉ።