የእማማ ዘነበች ዝምታ

በሶዶ ከተማ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የድራማ ጸሐፊ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የፕሮግራም ኃላፊያችን ጋሽ ሰይፉ «ሰሞኑን ምን አነበብሽ?» አሉኝ። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ ከሚያከራየው ሰውዬ የወሰድኩት ልብ ወለድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አሳየኋቸው።

«እስቲ አንዱን ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ጀመርኩ። ከአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ጋሽ ሰይፉ ሳቁ። «ይሄ ለዓይን የተጻፈ ነው። ያንቺ አድማጭ ግን በቆሎ እየፈለፈለ ነው የሚሰማሽ። አንድ ቃል ካመለጠው ገጹን መልሶ አይገልጥም።»

ጋሽ ሰይፉ ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። ወላይትኛ አይችሉም። ድራማው የሚተላለፈው ደግሞ በወላይትኛ ስለነበር ለእሳቸው የአማርኛ ትርጉሙን አያይዤ እሰጣለሁ። ልምምድ ሲጀመር ግን ወረቀቱን ገልብጠው ያስቀምጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ቋንቋው ባይገባኝም ተዋናዩ ሲያስመስል ይሰማኛል» ይሉ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበሩ።

ንባቤ መልክ አልነበረውም። ገጸ ባሕርዬ የበቆሎ ተባይ ከገጠመው የግብርና ባለሙያዎችን መመሪያ እዋሳለሁ። ወንድማማቾች በመሬት ከተካሰሱ ፍርድ ቤት ሄጄ ከታዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። መጽሐፍ ቅዱስን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን አነብ ነበር፤ አንድ ቁጣ በሁለት ቋንቋ እንዴት እንደሚለያይ ከዚያ ነው የተማርኩት። በገበያ ቀን በሚኒባስ ሻንቶ ወርጄ፣ ነጋዴ «አልሸጥም» ሳይል እንዴት እንደሚከለክል አዳምጣለሁ። የሰው ምስጢር ግን አልወስድም። የምወስደው አነጋገሩን ብቻ ነው።

የተከታታይ ድራማችን ምሰሶ እማማ ዘነበች የምትባል ገጸ ባሕርይ ነበረች፤ ሦስት ያደጉ ወንዶች ልጆቿን በአንደበቷ የምትገዛ ባሏ የሞተባት ሴት። የሚጫወቷት እትዬ አማረች ናቸው። እትዬ አማረች ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ፣ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ይዘምራሉ። ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሁሉ በድራማው ስማቸው ነው የሚጠራቸው። «እማማ ዘነበች፣ ያንን ታላቁን ልጅሽን ምከሪው እንጂ!» ሲሏቸው፣ «መከርኩት፣ ጆሮውን ሚስቱ ጋ ረስቶት መጥቷል» ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዱን መልሳቸውን ወስጄ ድራማው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

በአንደኛው ዓመት፣ አንገታቸው ላይ የነበረው እንቅርት ትንፋሽ እየከለከላቸው መጣና በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሲድኑ ድምፃቸው አብሯቸው አልተመለሰም። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አላቸው። አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ። ለመስማት ወንበሬን ማስጠጋት ነበረብኝ።

«ማርታ፣ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ጋሽ ሰይፉ በሌላ ድምፅ መተካቱን አልወደዱትም። «ሕዝቡ አይቀበልም። ዘነበች ትሙት። በደንብ ይለቀስላታል።»

«እትዬ አማረች የራሳቸውን ለቅሶ በሬዲዮ ሊሰሙ?» አልኳቸው።

«እሺ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ።

«አላውቅም። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥኩ። በመጽሐፍ ውስጥ ዝምተኛ ሰው ማኖር ቀላል ነው፤ ደራሲው «ዝም አለች» ብሎ ይጽፋል። በሬዲዮ ግን ዝም ያለ ሰው የለም ማለት ነው። ያነበብኩት ሁሉ ለዚህ አልሠራ አለኝ።

ቅዳሜ ጉኑኖ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ባሏ በስትሮክ አንደበቱ ከተያዘ ቆይቷል። ከዚያ በፊትም ጠይቄው አውቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ጭንቀቴን ለመሸፈን እኔው ሳወራ ውዬ ነበር የምመለሰው። ያን ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አክስቴ ስለ ላሟ ትነግረዋለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ትለዋለች፣ እንደመለሰላት ሁሉ። እሱ በዱላው ወለሉን ይመታል። ቤተሰቡ አመታቱን ይለያል፤ አንዱ ውሃ ነው፣ አንዱ ቁጣ ነው፣ አንዱ «በሩን ዝጉ» ነው። እዚያ ቤት ከማንም በላይ የሚደመጠው እሱ ነበር።

ተመልሼ ጻፍኩ። እማማ ዘነበች ታማ ድምፅዋን አጥታለች። ልጆቿ ከእንግዲህ እናታችን አታዝዝም ብለው፣ እሷ ጓሮ ለቆጮ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ቆመው መሬቱን ይከፋፈላሉ። አድማጭ የሚሰማው ፍቂያውን ነው።

እትዬ አማረች እንሰቱን፣ የቀርከሃ መፋቂያቸውንና ሳንቃቸውን ከቤት ይዘው መጡ። ቴክኒሻናችን ዮናስ የእንሰቱ ውሃ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ አይቶ አጉረመረመ፤ ግን ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ አስተካከለላቸው።

ታላቁ ልጅ «የላይኛውን መሬት እኔ ወስጃለሁ» ሲል ፍቂያው ቆመ። ስክሪፕቱ ላይ «አጭር ፋታ» ነበር የጻፍኩት። እትዬ አማረች ግን አልቀጠሉም። ተዋናዩን ቀና ብለው አዩት። ዮናስ ቀረጻውን ሊያቋርጥ እጁን ሲሰድ ጋሽ ሰይፉ ያዙት። ታላቁን ልጅ የሚጫወተው ሰው ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረ፤ «እማዬ... ይቅር በይኝ» አለ። ፍቂያው ቀስ ብሎ ቀጠለ። እንዳለ ተውነው።

ክፍሉ በተላለፈ ማግስት ከቤሌ አንዲት ሴት ደወለች። «ባሌ አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ እኔ ነበርኩ የምመልስለት» አለችኝ። «ትናንት ጠይቄው ጠበቅኩት።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ሳቀ» አለች።

የእትዬ አማረች ድምፅ ከብዙ ወራት በኋላ ግማሹ ተመለሰ፤ ወፍራምና ሻካራ ሆኖ። መዝሙሩን ተዉት፤ ይህም ክፉኛ አሳዝኗቸዋል፣ እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። ድራማውን ግን እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አብረን ሠራን። እማማ ዘነበችን በአዲሱ ድምፅዋ ልጆቿ ይበልጥ ይፈሯት ነበር።

ጀማሪ ጸሐፊዎች ምን እናንብብ ብለው ይጠይቁኛል። ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ። መጽሐፉ ያልመለሰላችሁ ነገር ሲኖር የታመመ ሰው ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ብዙ አታውሩ።