ባቡር በሌለበት ከተማ የባቡር ሽርሽር

በዚያ ቅዳሜ ኮለምበስ ከተማ ዳርቻ ባለችው ሉዊስ ሴንተር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲድ ዳር ታጣፊ ወንበር ዘርግተን የተቀመጥነው ባለቤቴ፣ ልጃችን፣ ጃፓናዊው ባሏ፣ ትንሿ ልጃቸው፣ ከኦሳካ የመጡት የባሏ አባትና እኔ ነበርን። ሌላ ሰው አልነበረም። ውሻውን ይዞ የሚያልፍ አንድ የሰፈሩ ሰው ሰላም ብሎን፣ ምን እንደምንጠብቅ ሊጠይቀን የፈለገ መስሎ ትንሽ ቆም አለና መንገዱን ቀጠለ።

የምንጠብቀው ባቡር ነበር፤ የምንሳፈርበት ግን አልነበረም። ኮለምበስ መንገደኛ የሚጭን ባቡር የላትም። ይህን ለልጄ ባል አባት ማስረዳት ለምን እንደከበደኝ ለመናገር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወደነበረው ጸደይ መመለስ አለብኝ።

ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ኦሳካ የእሳቸው እንግዶች ነበርን። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔም በልቤ መምህሩ እላቸዋለሁ። በየማለዳው ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የምሳ ሳጥን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ትኬታችንን ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን አጋዘኖች ከሰው ጋር መንገድ ወደሚጋሩባት ወደ ናራ ወሰዱን። ሌላ ቀን ነጩን ግንብ ለማየት ሂሜጂ ሄድን፤ በዚያ መንገድ ላይ ባሕሩ በግራ በኩል ድንገት ብቅ ስለሚል፣ እሳቸው አስቀድመው በግራ አስቀምጠውን ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ የሻይ አገር ወደሆነችው ወደ ኡጂ። ማለዳ ወጥቶ፣ ሌላ አገር የሚያህል ቦታ ደርሶ፣ ማታ ወደዚያው አልጋ መመለስ እንደሚቻል ያወቅሁት በሽምግልናዬ ነው። ታሪክ ሳስተምር ስለ ባቡር ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ስለ መንግሥታት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ብድር። በባቡር መስኮት የማያውቁት ሰው ልብስ ገመድ ላይ ሲደርቅ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት ግን አልተናገርኩም፤ አላውቀውም ነበርና።

በሂሜጂው ባቡር ውስጥ ማንም አይናገርም። ባለቤቴ ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች።

"እዚህ የሚበላ አይመስለኝም" አልኳት በሹክሹክታ።

"ቆሎ ምግብ ነው እንዴ?" አለችና ለመምህሩ ዘገነችላቸው። በሁለት መዳፋቸው ተቀበሉ። ከዚያም ፊት ለፊታችን ለተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ደንገጥ ብለው፣ ጎንበስ ብለው ወሰዱ፤ ወዲያውም ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው መለሱላት። ከዚያ በኋላ እስከ ሂሜጂ ድረስ በዚያ ፀጥታ ውስጥ የሚሰማው የሦስታችንና የሴትዮዋ ቆሎ ሲቆረጠም ብቻ ነበር። ሳቄን እንደዚያ ቀን አፍኜ አላውቅም።

ስንሰናበት፣ ልጄ በስልክ እየተረጎመችልን፣ "ኮለምበስ ሲመጡ ደግሞ እኔ አዞርዎታለሁ" አልኳቸው። ከልቤ ነበር። በምን እንደማዞራቸው ግን አላሰብኩበትም።

መጡ። የመጡት ልጄና ባሏ ሉዊስ ሴንተር ያለውን ቤታቸውን ለቀው፣ ልጃቸውን ይዘው ኦሳካ ከእሳቸው ጋር ሊኖሩ ከወሰኑ በኋላ ነው። መምህሩ ብቸኛ ናቸው፤ ከልጄ ባል ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ ውሳኔውን ከሰማሁ ጀምሮ ክፉም ደግም አልተናገርኩም። ልጄ "አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?" ስትለኝ፣ "እናትሽ ያለችው ይበቃል" እላለሁ። ልጄ ግን የምትጠብቀው የእኔን ቃል ነበር፤ ያለ እሱ ብትሄድ እንደኮበለለች ትቆጥረዋለች ብላ እናቷ ነግራኛለች። ሂጂ ብል ውሸት፣ ቅሪ ብል ግፍ ሆነብኝ።

በዚያ ቅዳሜ እኛ ከምንኖርበት ሰፈር ከኖርዝላንድ ነድተን ልጄ ቤት ስንደርስ መምህሩ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የምሳ ሳጥን።

"አባዬ፣ ስቴሽኑ የት ነው እያሉህ ነው" አለች ልጄ።

"የለም በያቸዋ" አለች ባለቤቴ።

"ደጋግሜ ነገርኳቸው እኮ እማዬ። ይሄን የሚያህል ከተማ ያለ ባቡር አይሆንም ይላሉ።"

"ባልሽ ያስረዳቸው ታዲያ።"

"እሱንም አላመኑትም። ሁልጊዜ መኪና ስለምትነዳ አላየኸውም ይሆናል አሉት።"

መሐል ከተማ ከፈረሰው የድሮ ጣቢያ የተረፈ አንድ ቅስት ቆሟል። እሱን ላሳያቸው አስቤ ተውኩት፤ እንግዳን በር አሳይቶ ቤት መንሳት መሰለኝ። ከልጄ ቤት ሳይርቅ የጭነት ባቡር የሚያልፍበት ማቋረጫ ነበር። ወንበሮቹን ጭነን ወደዚያ ሄድን።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። የምሳ ሳጥኑ ተከፈተ። ባለቤቴ ቆሎዋን አወጣች።

"ነይ፣ አንቺም ውሰጂ" ስትላት የልጅ ልጄ "ኢትስ ቱ ሃርድ" ብላ፣ በጣም ይጠጥራል ማለቷ ነው፣ ወደ አባቷ ሮጠች።

መምህሩ ሐዲዱን እያዩ ለልጄ አንድ ነገር ተናገሩ። ረዘም ያለ ነበር። ከባሏ የተማረችው ጃፓንኛ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ወዲያው አልተረጎመችልኝም።

"ምን አሉ?"

"ይቅር አባዬ።"

"ሰው ተናግሮ ይቅር ይባላል?"

የውሃ ጠርሙሷን ክዳን እየከፈተች እየዘጋች ተናገረች። "'ልጅዎን የምወስድብዎት እኔ ነኝ' እያሉህ ነው። 'ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት። ተቀይመውኝ እንደሆነ ፊት ለፊት ይንገሩኝ።'"

መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር። ባለቤቴ ዓይኗን ተከለችብኝ። ለመምህሩ የምሰጠው መልስ መጀመሪያ በልጄ ጆሮ፣ ቀጥሎ በልጄ አፍ እንደሚያልፍ ያኔ ገባኝ።

"እንዲህ በያቸው" አልኩ። "በሚቀጥለው ጸደይ እንመጣለን። የእናትሽ ጉልበት እንደ በፊቱ አይደለም። ደረጃ የማይበዛበት፣ በቀን ደርሰን የምንመለስበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ከአሁኑ ያስቡበት።"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። "መልስህ እሱ ነው?"

"ለእሳቸው እሱ ነው። ለአንቺ ደግሞ፣ ሂጂ። ይከፋኛል እንጂ አልተቀየምኩም።"

ልጄ ተረጎመችላቸው። መምህሩ ጥያቄዬን እንደ ዋዛ አልወሰዱትም። ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ፦ ናራ ይቻላል፣ ሜዳውም ሰፊ ነው። ኡጂ ከወንዙ ዳር መቀመጫ አለ። ሂሜጂ ግን ግንቡ ውስጥ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ እሷ ከታች ትጠብቀናለች።

"ማን ነው ከታች የሚጠብቀው?" አለች ባለቤቴ። "ቆሎውን የያዝኩት እኔ ነኝ በያቸው።"

ሲነገራቸው ሳቁ። ከዚያ ማቋረጫው ላይ ያለው ደወል ጮኸ፤ የመንገዱ መዝጊያም ወረደ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ፤ ባቡሩ አልፎ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ሲያልፍ አንድ ነገር ተናገሩ።

"በጣም ረጅም ነው አሉ" አለች ልጄ ዓይኗን እየጠረገች። "ግን ሰው የለበትም።"

በሳምንቱ አራቱንም አየር ማረፊያ ሸኘናቸው። ታጣፊ ወንበሮቹን ልጄ ለእኛ ትታልን ሄዳለች፤ ጋራዣችን ውስጥ ተደግፈው ቆመዋል። ከሐዲዱ ዳር ከተቀመጥነው ስድስት ሰዎች ኮለምበስ የቀረነው ሁለት ነን።