ሳልጠይቅ የለቀቅኩት ጥለት

ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ ያ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኬ እጄ ገባ። ቻርጀር ሰካሁለት። ሲግል የሚያወጣው የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ይገርምሃል፣ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤታችን ከነድምፁ መጣብኝ። አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲሸምን፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ሲሮጥ፣ እናቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንዝርቷን ስታሾር።

ኮድ መጻፍ የተማርኩት በዚያ ስልክ ነው። ያስጀመረችኝ ጎረቤታችን የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሁለት ነገር አስማለችኝ። «አንድ መስመርም ቢሆን በየቀኑ ጻፊ፤ አንድም ቀን እንዳያመልጥሽ!» ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ «የማታውቂያቸው ሰዎች እውቀታቸውን በነጻ ስለለቀቁልሽ ነው የምትማሪው። አንቺም የሠራሽውን ልቀቂ።» ይሄኛው ልቤን ማረከው። አገሩን ካርታ ላይ እንኳ የማላገኘው ሰው የጻፈው ነገር ስልኬ ላይ ሲሠራልኝ ከደስታዬ ብዛት እዘል ነበር። ኔት ተዘግቶ የሰነበተ ጊዜማ ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ እንደታሰረ ሰው እየተነጫነጭኩ ቤቱን በጠበጥኩት።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን የምጽፈው ጠፋኝና ዓይኔ አባቴ እየሸመነው ያለው አዲስ ጥለት ላይ አረፈ። ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ፣ የቱ ጋ ይደገማል? ቁጭ ብዬ ክሩን ቆጠርኩ። ጥለቱን እንዲስልልኝ የጻፍኩት ኮድ ግን እንቢ አለኝ፤ ሳምንት ሙሉ የተጣመመ ነገር ሲያወጣ ከረመ። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ በቃ፣ ጥለቱ ረድፍ በረድፍ ስልኬ ላይ ተሠራ። ጮህኩ። አባቴ ከጉድጓዱ ዘሎ ወጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ፣ እየው! ያንተ ጥለት!»

ስልኩን አቅርቦ አየው፣ አርቆ አየው። «እዚህ ጋ አንድ ክር አጉድለሻል» አለና ሳቀ። አስተካከልኩት። በዚያው ሞቅታ ከነሥዕሉ ከነቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት።

የሸማኔ ልጅ ሆኜ እንዴት እንደሳትኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። በእኛ ሰፈር አዲስ ጥለት ለጥምቀት ገበያ እስኪወጣ ድረስ ለጎረቤት ሸማኔ እንኳ አይታይም። ሰው ሲገባ ጋቢ ጣል ይደረግበታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ያ ጥለት የአባቴ የዓመት ተስፋው ነበር። እኔ ግን ስልክም ሰው የሚገባበት በር መሆኑ አልታየኝም። «ጎበዝ!» የሚል መልእክት ሲጎርፍልኝ ደስታዬ ጣሪያ ነካ።

ጥምቀት ሲቃረብ ከአባቴ የምትረከበው ነጋዴ ፊቷን አጥቁራ መጣች። «አዲስ ነው አላሉኝም ነበር? ይሄው ሦስት ሱቅ ተሰቅሏል!» ብላ የገዛችውን ቀሚስ አሳየችው። የአባቴን ሳትወስድ ሄደች።

ጥለቱን እኔ ከለቀቅኩት ላይ እንደወሰዱት ለአባቴ ነገርኩት። አጠፋዋለሁ አልኩት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምኑን አጠፋዋለሁ?

«ሲወስዱት ጠየቁሽ?» አለኝ።

«አልጠየቁኝም።»

«አንቺስ እኔን ጠየቅሽኝ?»

ቢመታኝ በስንት ጣዕሙ! ያን ጥምቀት አባቴ ጥለት የሌለው ጋቢ እየሸመነ አሳለፈው። እኔም በየቀኑ እጽፋለሁ ያልኩትን መሐላ አፈረስኩ። ስልኩን ማየት አስጠላኝ። ነጻነት ማለት የራሴን መስጠት ነው ወይስ የሰውንም? 

ለፋሲካ አባቴ ሌላ ጥለት አወጣ። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ይሄኛውን ልልቀቀው?»

መወርወሪያውን አቆመ። «ገበያ ወጥቷል፣ ልቀቂው። ስም ግን ጻፊበት።»

«ያንተን?»

«የእናትሽንም። ፈትሉ የማን ሆነና?»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስሟ የቱ ጋ እንዳለ በጣቴ አሳየኋት።

«ይቺ ናት እኔ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ማን ያየዋል?»

«የፈለገ ሁሉ። ከየትም አገር።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም!» ብላ ከትከሻዋ የወረደውን ነጠላ ቶሎ አስተካከለች። ሳቅኩባት። ከዚያ በኋላ ግን ያን ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ነጠላዋን ሳታስተካክል ስክሪኑን አታይም ነበር።

ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁንም ኔት ሲዘጋ ሰው ሁሉ በየጉዳዩ ይናደዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ያን ቀን እናቴን የሚያያት ሰው አለመኖሩ ነው።