ለአባቴ ብዬ የመረጥኩት አረር

ጥይት ቤት ውስጥ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ ኦስሎ ውስጥ አልናብሩ በሚባል ሰፈር ባለው የዕቃ ማከማቻ አብሮኝ ፎርክሊፍት ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ኖርዌጂያዊ ሽማግሌ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለው፤ ላዩ ላይ በእጅ የሚጫን ማሽን፣ ትንሽ ሚዛን፣ በካርቶን በካርቶን የተለየ ቀለሃ። ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ያንን የናስ ቀፎ ይሰበስብና ያጥበዋል፤ አዲስ ባሩድ ይሞላበታል፤ አፉ ላይ አዲስ አረር ይተክልበታል። በየመከሩ ከኦስሎ ወጣ ብሎ ካለው ጫካ ኤልግ የሚያድን ቡድን ይመራል። ኤልግ ከበሬ የሚገዝፍ፣ እግረ ረጅም የዱር እንስሳ ነው። ሌሎቹ አዳኞች ፊታቸውን ሲያጨፈግጉብኝ «ለዚህ ሰው እኔ ዋስ ነኝ» ብሎ ያስገባኝ እሱ ነው።

ሲያስተምር ቀልድ አያውቅም። «የአንዱን ፋብሪካ ቀለሃ ከሌላው አታደባልቅ» ይለኛል፤ ከውጭ አንድ ቢመስሉም ውስጣቸው የሚይዘው ባሩድ ይለያያል። ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ካርቶኑ ላይ ጻፍ። አንገቱ የተሰነጠቀውን ጣል። የሽቦ ጫፍ አጥፈህ ውስጡን ዳብስ፤ ወደ ታች በኩል ጎድጎድ ያለ ነገር ከነካህ ሊበጠስ ነውና እሱንም ጣል። እኔም እንደ ሽሮ ክክ እየለቀምኩ፣ ጥሩውን ከመጥፎው እየለየሁ ቅዳሜን እጨርስ ነበር። በአረር ላይ ግን ምርጫ አልሰጠኝም። ሥጋ ሲነካ ጫፉ እንደ እንጉዳይ የሚከፈተውን ብቻ ነው የሚፈቅደው። «እንስሳው የተኩሱን ድምፅ ሳይሰማ መሞት አለበት» ይላል። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ቶየን በሚባለው ሰፈር ባለው የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤታችን ከእኔና ከባለቤቴ ጋር አባቴ ይኖራል። ያገኘውን ሥጋ ሁሉ ያለ ጥያቄ ሲበላ የኖረ ሰው ነበር። ያለፈው ፋሲካ ላይ ግን ከዚያ በፊት በነበረው መከር ያመጣሁትን የኤልግ ሥጋ ስናቀርብለት እጁን ሰበሰበ። «ጥይት የገደለው በክት ነው፤ ያልታረደ አልበላም» አለ። ከሱቅ ገዛን። ግሮንላንድ ሰፈር ካለው ሥጋ ቤት ያመጣነውን ሙስሊም ያረደው ነው አለ፤ የሱፐርማርኬቱን ደግሞ ማሽን የገደለውን ማን ባረከው አለ። ሽሮ ብቻ ሆነ ምግቡ፤ እሱም ቀጠን ተደርጎ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ባለቤቴ «እምነታቸው ነው፣ ተዋቸው» ትለኛለች። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ያሳደገኝን ሰው አንዲት ጉርሻ ሥጋ ማጉረስ ካቃተኝ ምኑን ልጅ ሆንኩ እያልኩ ስብከነከን ከረምኩ።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ምድር ቤት፣ አረር እየለየሁ ሳለ ነው። እንስሳው ወድቆ ነፍሱ ካልወጣች ደርሼ በስመ አብ ብዬ በቢላዋ አርደዋለሁ፤ የታረደ ነዋ! ታዲያ ቶሎ የሚገድል አረር ለምን ያስፈልገኛል? ሽማግሌው ለሌላ ሥራ ያስቀመጠው ጠንካራ የመዳብ አረር ነበር። በጣም ፈጥኖ ካልሄደ አይከፈትም፤ ወግቶ ይገባል። ከእሱ ጥቂት አነሳሁ። ቀለሃዎቹን ከሁሉም ጥሩዎቹን መረጥኩ፣ ባሩዱንም ሆን ብዬ አሳነስኩ። ሽማግሌው ለእኔ ሻይ ሊያፈላ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ምን እንደሠራሁ አልነገርኩትም።

በአደኑ ቀን አንዲት እንስት ኤልግ ከዛፎቹ መሃል ወጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ተኮስኩ። ደንገጥ አለች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እየሮጠች ጫካው ውስጥ ገባች። አትወድቅም እንዴ? እኔ እኮ በሐሳቤ ያየሁት ስትወድቅ ነበር። በውሻ ተከተልናት። ጠዋት የመታኋት ከሰዓት በኋላ ረግረግ ውስጥ ተገኘች። ቁጭ ብላለች፣ አንገቷ ቀጥ እንዳለ፣ አፍንጫዋ ደም ያረፋል። ሽማግሌው ጠመንጃውን ሲያነሳ «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ እየሰመጥኩ ሄድኩና በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አረድኳት። አንዴ አልበቃም፤ ደገምኩት። ያንን ዓይኗን እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

አዳኞቹ ቆዳዋን ሲገፍፉ አረሩን ከጎድኗ ስር አገኙት፤ አልተከፈተም። ሽማግሌው በመዳፉ ይዞ አገላበጠው።

«ተሳስተህ ነው ወይስ አውቀህ?» አለኝ።

«አውቄ» አልኩት። ስለ አባቴም ነገርኩት፤ በሰባራ ኖርዌጅኛዬ እየተርበተበትኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ለአንተ እኮ ዋስ ሆኜ ነበር» አለ። ቢጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ድርሻዬን ሥጋ በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝና ከዛሬ በኋላ እንዳልመጣ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ደውዬለት አላውቅም፤ ምን እለዋለሁ?

ሥጋውን ባለቤቴ በቅቤ ጠበሰችው። አባቴ ፊት ተንበርክኬ «አባዬ፣ በገዛ እጄ ነው ያረድኩት፣ ባርኬ ነው። አሁን ምንም ምክንያት የለህም» አልኩት። ከዚያ አፉን ከፈተልኝ፣ አጎረስኩት። አኘከ፣ አኘከ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ በሁለት ጣቱ አውጥቶ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«አይወርድም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሥጋው። ከፋሲካ ወዲህ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አሁን አሁንማ እንጀራውም እየቆመ ነው።»

«ታዲያ በክት ነው ስትለኝ የከረምከው?»

«ሌት ትሠራለህ፣ ቀን እንኳ ደህና አትተኛም። የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ፋስትለገው ጋ፣ ሆስፒታል ላመላልስህ ልትል ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ያልፍልኛል መስሎኝ።»

በማግስቱ ፋስትለገው ጋ ይዤው ሄድኩ፤ እሱ ወደ ሆስፒታል ላከን። ተመረመረ። ሐኪሟ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑን፣ ወደ ሌላውም መዛመቱን ነገረችን፤ ቃሏን አስተርጓሚ በስልክ እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ፋሲካ አካባቢ ብትመጡ ኖሮ ቆርጠን ለማውጣት እንሞክር ነበር፣ አሁን ግን ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ የምናደርገው የለም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና አብረን እየኖርን መክሳቱን አላየሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አባቴ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለና ከውስጡ ያለውን አስተርጓሚ፣ በዚያች በቀጠነች ድምፁ፣ «ልጄ ምንም ጥፋት የለበትም በላት። በደንብ ያበላኝ ነበር በላት» አለው።

አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመላት። አባቴ እዚያው ሐኪሟ ፊት በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።