ደም መጣጩና ወንድሜ ጌታሁን

ሰሞኑን የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና፣ «እማ፣ ከእነዚህ የትኛውን ላንብብ?» አለችኝ። ለወጣቶች ተመረጡ የተባሉ የደም መጣጭ ልብ ወለዶች ዝርዝር ነው። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። እኔ በዕድሜዬ ያነበብኩት የደም መጣጭ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። የእሱንም ርዕስ አላውቀውም፤ ሽፋኑ እኛ ጋ አልደረሰም።

ያኔ ናዝሬት ነን፤ ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። መጽሐፉን ለጓደኛዬ ለጫልቱ ያመጡላት ቆቃ ግድቡ ላይ የሚሠሩት አባቷ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ጥሩ መጽሐፍ ሰፈር ከገባ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት አይቀመጥም። ጫልቱ ሦስት ቦታ ቆርጣ፣ እያንዳንዱን በመርፌና በክር ሰፍታ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብጣ ለሦስት ቤት አደለችው። ለእኛ የደረሰን መካከለኛው ነበር። ማን ማንን እንደነከሰ ሳናውቅ ከንክሻው በኋላ ጀመርን።

እኛ የምለው እኔንና ታላቅ ወንድሜን ጌታሁንን ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ስለወጣ ጓዳ ተደብቆ ነበር። እማዬ ለጎረቤት «አርሲ ነገሌ አጎቱ ጋ ሄዷል» ብላ ነበር ያወራችው። አራት ወር ሙሉ ፀሐይ አላየም። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት እየተንጣጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነብልኛል። ጓዳው ላምባና እማዬ ከደራ ገበያ እያመጣች የምትቸረችረውን ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የመጽሐፉ ሰዎች ደም መጣጩን በነጭ ሽንኩርት ሲያባርሩ ጌታሁን ዙሪያውን በጆንያ ተሞልቶ የተደረደረውን አየና፣ «እኛስ ተርፈናል» ብሎ ሳቀ።

ደም መጣጩ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ባለቤቱ ካልጋበዘው የሰው ቤት ደፍ አይረግጥም። «ምናለ ቀበሌም እንዲህ ቢሆን» አለ ጌታሁን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ገበያ ሄዳ፣ እኔ ሳሎን የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ በናዝሬት ሙቀት በር የሚዘጋ አልነበረም። ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንግዳን ደጅ ማቆም ነውር መሆኑን እማዬ ያስተማረችን ገና ጡት ሳንጥል ነው። ቀና እንኳ ሳልል «ይግቡ!» አልኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገቡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ «ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ» ብለው ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። ከዚያ በቀጥታ ሄደው የጓዳውን መጋረጃ ገለጡት። ማን እንደጠቆማቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጌታሁን የጫማውን ክር እስኪያስር ጠበቁት። ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ።

ሞቶ አልቀረም። ደርግ ሲወድቅ በእግሩ መጣ፤ አንድ ጆሮው ግን አይሰማም። እማዬ እስክትሞት ድረስ «ለምን ይግቡ አልሽ?» ብላኝ አታውቅም። ምነው በጠየቀችኝ፣ ምነው በገረፈችኝ እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ጌታሁንን ልጠይቀው ሄድኩ። የልጄን ዝርዝር እያነሳን ልንሳሳቅ ነበር ሐሳቤ፤ ሳላስበው ያን ቀን አነሳሁና ማልቀስ ጀመርኩ። የሚሰማውን ጆሮውን አስጠግቶ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፃቸውን እኮ ካንቺ በፊት ነው የሰማሁት» አለኝ። «በጓሮ በር ብወጣ አጥሩ ወገቤ ድረስ ነበር፤ መዝለል አቅቶኝ መሰለሽ? ደክሞኝ ነበር። መደበቁ ደክሞኝ ነበር።»

ይህንን ያህል ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ትንፋሽ አወረደልኝ፤ ቀለለኝ ብል ግን ውሸቴን ነው። እማዬ ይህን ሳትሰማ ሄደች። እኔም ያኔ ድካም ምን እንደሆነ የት አውቄ! ጌታሁን ለእኔ ትልቅ ሰው ነበር፤ ትልቅ ሰው ደግሞ የሚደክመው አይመስለኝም ነበር። ቤት ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ እያነበበች ነበር፤ ከማንም ሳትደበቅ። ቆሜ አየኋትና ዕድሜ አሰላሁ። ጌታሁን ያን ቀን ከእሷ በአራት ዓመት ብቻ ነበር የሚበልጠው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲያ ይደክመዋል?