ግማሽ ላይ የቆመው ስንጥር

የቅቤ ሽታ ሌላውን ሰው ዓመት በዓል ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን ያቅለሸልሸኛል። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ የቅቤ በርሜሎች ሲከፈቱ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና የልጅነቴ ከሚሴ ፊቴ ድቅን አለች።

የንግድ ሕግ ጠበቃ ነበርኩ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ግን የምግብ ሳይንስ ነው፤ ሕጉን በማታ ነው የተማርኩት። ሲቀጥረኝ አለቃዬ "ከቅቤ ወደ ንግድ ሕግ እንዴት መጣሽ?" ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። መልሱ እትዬ ዘሃራ ነበሩ፤ የእሳቸውን ነገር ግን ለማንም አላወራም።

እትዬ ዘሃራ ጎረቤታችን ነበሩ። በገበያ ቀን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቅቤ ይፈትናሉ። ከጨፋ የሚመጣው ቅቤ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ፊታቸው ይደረደራል፤ ሻጭና ገዥ ቃላቸውን ሳይሰሙ አይለያዩም። የወይራ ስንጥራቸውን እስከ ታች ሰክተው ያወጡና ያሸታሉ። ከዚያ መጀመሪያ ሻጩን፣ ቀጥሎ ገዥውን ያስሸትታሉ። "አላህ አፍንጫ የሰጠው ለእኔ ብቻ ነው እንዴ?" ይሉ ነበር። ሙዝ ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ሲገጥማቸው "እፍፍ!" ብለው ይተፉና ስንጥሩን በአመድ ይፈትጉታል። ልጅ ስላልነበራቸው ሙያውን ያስተማሩት እኔን ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ለጋውን ከበሳሉ ዓይኔን ጨፍኜ እለይ ነበር።

አንድ ቀን ወንድማቸው ትልቅ ድቡልቡል ቅቤ ይዞ መጣ። ገዥው የባቲ ነጋዴ ነበሩ። የእትዬ ዘሃራ ስንጥር ግማሽ ላይ ቆመ። አየሁት። ጠጋ ስል ሞራ ሞራ ሸተተኝ።

"ደህና ነው" አሉ፣ ማንንም ሳያስሸትቱ።

ነጋዴው ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?"

"ወላሂ ደህና ነው!" አልኩ። እንድምል የጠየቀኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴው ለሁለት የተገመሰውን ቅቤ መሬት ላይ ፈቱት። ላዩ ቢጫ፣ ውስጡ የነጣ ሞራ፣ ሞራው ላይ የበሬ ጠጉር። ዝንብ ወረረው። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" እያለ የሚያላግጥም አልጠፋ። እትዬ ዘሃራ "እያወቅሁ ነው ያሳለፍኩት" አሉ። የእኔን ስም አላነሱም። በርጩማቸውን አንስተው ሄዱ፤ ዳግመኛ እዚያ አልተቀመጡም።

ተጸየፍኳቸው። ቤታቸው ውሃ እንኳ መጠጣት ተውኩ። አንድ ቀን ሰላም ሳልላቸው ላልፍ ስል ከበራቸው ላይ ጠሩኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተጸየፍሽኝ አይደል? ሐቅሽ ነው። እኔስ ለወንድሜ ብዬ ነው። አንቺ ለማን ብለሽ ነው?"

"ለእርስዎ" ልል ነበር። ውሸት ነበራ። እንዳይቆጡኝ ፈርቼ፣ ለራሴ ብዬ ነው የማልኩት። ያን ቀን መጸየፌ ወደ ራሴ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ቅቤ ያለበት ነገር ስበላ እንኳ ያንገሸግሸኝ ጀመር።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለቱም ወገን ቆመዋል። ደንበኛችን ቅቤ አቅራቢው ነው፤ ገዥው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብሎ ከሶታል። ሙያው አላት ተብሎ፣ በሁለቱም ስምምነት ናሙናውን የማወጣው እኔ ነበርኩ። አለቃዬ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

"ከላይ ከላዩ ብቻ ውሰጂ። ሥራሽን የምትወጂ ከሆነ።"

ያ የተሳቀበት ዲግሪዬ ለካ ለዚህ ይፈለግ ኖሯል! ከቅቤው ይልቅ የሰውዬው ሽቶ አጥወለወለኝ። የቤት ኪራዬ፣ በማታ የተማርኩባቸው ዓመታት፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ደግሞም ያ የእትዬ ዘሃራ ጥያቄ።

የናሙና ማውጫውን ብረት የበርሜሉን ታች እስኪነካ ገፋሁት። ሳወጣው ጫፉ ነጥቷል። አሸተትኩት። ከዚያ መጀመሪያ ለአለቃዬ አቀረብኩለት።